ወንዙ እንደገና የቀላበት ቀን

የታችኛው ሰፈር ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ቀድሞ የሚያየው ሰማዩን ሳይሆን ወንዙን ነበር። ወንዙ ቀይ ሆኖ ከወረደ፣ ላይኛው ሰፈር ያለው ማቅለሚያ ቤት ያን ቀን ቀይ ክር እየነከረ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነም ሰማያዊ። እንዲህ በሆነ ቀን ማንም ልብስ ይዞ ወደ ውሃው አይወርድም፣ ማንም ለጓሮው አይቀዳም። እናቶችም ልጆቻቸውን «ዛሬ ወንዙ ለብሷል፣ ድርሽ እንዳትሉ!» እያሉ ይጮኹባቸዋል። ወንዙ ሲያወልቅ ደግሞ፣ ማለትም ጠርቶ ጠጠሩ መታየት ሲጀምር፣ ሰፈሩ ባልዲውን አንሥቶ ይወርዳል። ይህን ሕግ ያወጣ ሹም የለም። ቢሆንም ከልጅ እስከ አዋቂ ሁሉም ያከብረው ነበር፤ ዓይን ላለው ሰው ማብራሪያ የማያስፈልገው ሕግ ነበርና።

የማቅለሚያ ቤቱ ባለቤት ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ጥፍሩ ሥር የቀለም ዝቃጭ የማይጠፋ ሰው ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ቀስተ ደመና» ይለዋል፤ ስሙን የወደደው ባይመስልም፣ ሲጠሩት አቤት ማለቱን ግን አልተወም። ክር ነካሪነትን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ በሥራ ሥርና በእንጨት ቅርፊት ይነክሩ በነበረበት ዘመን ክሩ የታጠበበት ውሃ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይለቀቅ ነበር። ኋላ ላይ ዱቄት ቀለም በቆርቆሮ እየታሸገ መምጣት ሲጀምር ሥራ ሥሩም ቅርፊቱም ቀረ፤ ውሃውን ወደ ወንዙ መልቀቁ ግን እንደነበረ ቀጠለ።

የቤቱ ኩራት ክሩ ቀለም አለመልቀቁ ነው። ለዚህም አባትየው ያወረሱት ደንብ አለ፤ ክሩን ካጠብክበት ውሃ ሥር መዳፍህን ዘርጋ፣ የመዳፍህ መስመሮች አንድ በአንድ እስኪታዩህ ድረስ ውሃ ቀይር። መዳፍህ ካልታየህ ገና ነህ፤ ከታየህ ውሃው ንጹሕ ነው። ነካሪው ይህን ደንብ እንደ ስሙ ያውቀዋል፣ ለሠራተኞቹም እንደዚያው አስተምሯል፤ አንድም ቀን ተጠራጥሮት አያውቅም።

ከድልድዩ ወረድ ብሎ ታናሽ እህቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት አላት። የሆቴል አንሶላ፣ የምግብ ቤት የጠረጴዛ ልብስ፣ የሐኪም ነጭ ጋውን ሁሉ በእጇ ያልፋል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ የምትተክልባት መደብ አለች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ የልጅ ልጅም አይታለች፤ ለእሱ ግን ዛሬም «ሚጣ» ናት። ወንዙ ቀልቶ በወረደ ቀን እጇን አጣጥፋ ደጅ ትቀመጥና ለሚያልፈው ሁሉ «ጋሼ ዛሬም ዕረፍት ፈቀደልኝ» ትላለች። ማታ ሲገናኙም፣ «ነገ ደግሞ ምን ቀለም ነው የምታለብሰን? እንድዘጋጅ ንገረኝ እንጂ» ብላ ታበሽቀዋለች።

ነገሩ በዚህ እንዳለ ድልድዩ አጠገብ አዳዲስ ፎቆች ተሠሩ። መስኮታቸው ወደ ወንዙ ነው፤ ነዋሪዎቹም ሰማያዊ ወንዝ ማየት አልወደዱም። አቤቱታው እየበዛ ሲሄድ ከከተማው ጽሕፈት ቤት አንድ ተቆጣጣሪ ተላከ። መነጽር ያደረገ፣ ትሑት፣ ነገሩን ሁሉ በለሆሳስ የሚናገር ወጣት ነበር። ከወንዙ በትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ቀዳና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው።

«አባቴ፣ ይህ ውሃ ነው ወይስ ቀለም?»

«ቀለም የነካው ውሃ ነው፣ ልጄ።»

«ሰው ተማሯል። ይህ ቀለም ከወንዙ ላይ ካልጠፋ ቤቱን ማሸጋችን አይቀርም። ይህን ስነግርዎ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልዎ። ጊዜ እሰጥዎታለሁ፣ ያስቡበት።»

ነካሪው አሰበበት። እህል አልበላ አለው፣ እንቅልፍም ራቀው። መላው የተገኘው ካላሰበው ቦታ፣ ከእህቱ ማጠቢያ ቤት ነው። አንድ ቀን ከእሷ ጋር ቆሞ ሲያወራ፣ ወይን የፈሰሰበት የጠረጴዛ ልብስ ላይ በረኪና ጠብ ስታደርግ አየ። ቀይዋ ነጠብጣብ ዓይኑ እያየ ሟሸሸች፣ ከዚያም ጨርሶ ጠፋች።

«አገኘሁት!» አለ በጩኸት።

«ምን አገኘህ?»

«በረኪና፣ ሚጣ! በረኪና!»

«ሊጠጣው ነው እንዴ ይሄ ሰውዬ?» አለች እሷ፣ ጠርሙሱን ወደ ጀርባዋ እየሸሸገች።

ብዙም ሳይቆይ ከማቅለሚያ ቤቱ ኋላ በሲሚንቶ የተለሰነ ሰፊ ገንዳ ተሠራ። ክር የታጠበበት ውሃ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይገባል፣ በረኪና በጀሪካን ይገለበጥበታል፣ ቀለሙ ድራሹ ሲጠፋ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ነካሪው በአባቱ ደንብ መሠረት መዳፉን ከገንዳው ውሃ ሥር ዘረጋ፤ መስመሮቹ አንድ ሳይቀሩ ታዩት። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ወንዙ ጠርቶ መውረድ ጀመረ፤ ጠርቶም ቀረ። ሽማግሌዎች ማቅለሚያ ቤቱ ድረስ መጥተው እጁን ጨበጡት፤ ልጆች ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ። የፎቅ ነዋሪዎች በረንዳቸው ላይ ወንበር አወጡ። ተቆጣጣሪውም ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ፈገግ አለና፣ «አለቃዬን አምጥቼ አሳየዋለሁ። ሌሎች ፋብሪካዎች ከእርስዎ መማር አለባቸው» አለ። ዕድሜ ልኩን ሰፈር አቆሸሸ ሲባል የኖረ ሰው፣ በስተርጅናው አርአያ ተባለ። መንገድ ላይ ሲሄድ ትከሻው ቀና ማለቱን ባለቤቱ ሳትቀር ታዘበች።

ወራት አለፉ። ነካሪው እህቱን ሊጠይቃት ወረደ። በሩ ላይ ስታየው ፊቷ በርቶ ተቀበለችው፣ ነገር ግን እጇን ሳይሆን የእጇን አንጓ ነበር የዘረጋችለት።

«እጄ እርጥብ ነው፣ ጋሼ።»

አጣቢ ናትና አልገረመውም፤ አንጓዋን ጨብጦ ገባ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያስብ ግን ነገሩ ከነከነው። ባለፈው ጊዜም አንጓዋን ነበር የጨበጠው። ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊትም አንጓዋን ነው። እሷ ሻይ ይዛ ስትመጣ ሲኒውን የያዘችው በቀሚሷ ጫፍ ጠቅልላ ነበር።

«ሚጣ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

«የኔ እጅ ምን ይታያል? ሻይህን ጠጣ።»

«አሳዪኝ አልኩሽ።»

እንደ ጥፋተኛ ልጅ ቀስ ብላ ዘረጋችለት። መዳፏ የደረቀ ጭቃ መስሎ ተሰነጣጥቋል፤ በጣቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ተልጦ ሥጋው ቀልቷል። መዳፍ ማንበብ የዘወትር ሥራው የሆነው ሰው የእህቱን መዳፍ መስመሮች ሊያያቸው አልቻለም።

«ሳሙናው ነው» አለች ፈጥና። «የዘንድሮ ሳሙና ደግሞ ክፉ ነው። ዕድሜም አለ። እስከ መቼ እንደ ልጃገረድ እጅ?»

«በረኪና ይሸተኛል።»

«ማጠቢያ ቤት ገብተህ ምን እንዲሸትህ ነበር፣ ሽቶ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወሬ ለመለወጥ ይመስላል ወደ ጓሮ ወሰደችው። የጎመኑ ቅጠል ጠርዝ ጠርዙ እሳት የላሰው ይመስል ነጥቶ ደርቋል፤ ሰላጣው ከነአካቴው ወድቋል።

«አይገርምህም?» አለች፣ መደቧን እያየች። «ድሮ ወንዙ ራሱ ነበር ውሃ የምናጠጣበትን ቀን የሚነግረን። ለብሶ ሲወርድ እናርፋለን፣ አትክልቱም ያርፋል፣ እጄም ያርፋል። አንተ ካጠራኸው ወዲህ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም፤ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፣ ሁልጊዜ እንቀዳለን። እኔ እንደ አንተ ዓይነት ወንድም ይዤ ይኸው ጎመን እንኳ ማብቀል አቃተኝ!»

ቀልዷ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። ሻይውን ሳይጨርስ ተነሣና ወጣ።

ወደ ቤቱ የተመለሰው በመንገዱ ሳይሆን በወንዙ ዳር ነው። ሲሄድ ዓይኑን ከድንጋዮቹ ላይ አላነሣም። ድሮ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያበቅሉ የነበሩት ድንጋዮች ተላጭተው ነጥተዋል። ጠጠሩ ሁሉ ይታያል፤ በጠጠሩ መካከል ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። በቀይም በሰማያዊም ዘመን ከድልድዩ ሥር የማይጠፉት እንቁራሪቶች ድምፃቸው አይሰማም። ከማቅለሚያ ቤቱ በላይ፣ ውሃው ገና ገንዳውን ሳይገናኝ ባለበት ቦታ ግን ሽበቱም አለ፣ የውሃ ተርቦቹም ይርመሰመሳሉ። ነካሪው በሁለቱ መካከል ቆሞ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አየ። ሁለቱም ውሃ እኩል ጥርት ያለ ነው። መዳፍ ቢዘረጋባቸው ሁለቱም መዳፍ ያሳያሉ።

የሚያምነው ምስክር ክር ነው። በማግስቱ ጠዋት አዲስ የተነከረ ቀይ የሱፍ ጥቅል ወስዶ ገንዳው ውስጥ፣ ጥርት ካለው ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው። ከምሳ በኋላ ሲያወጣው ቀዩ የለም፤ ክሩ እንደ አጥንት ነጥቷል። በጣቶቹ ይዞ ሳብ ሲያደርገው የሸረሪት ድር ያህል እንኳ ሳይታገል ተበጠሰ።

ብጣሹን ክር ኪሱ ሲከት ነገሩ ገባው። ቀለሙ ከወንዙ ላይ ጠፋ እንጂ ክፋቱ አልጠፋም ነበር። ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚያስይዘው ጨው መልክ የለውም፤ ያኔም ሲወርድ ኖሯል፣ አሁንም ይወርዳል። በዚያ ላይ በረኪናው ተጨመረ። ድሮ ይህ ሁሉ ሲወርድ ቀለሙ ከፊት ከፊት እየሄደ «ዞር በሉ፣ መጣሁ» ይል ነበር። እሱ ያጠፋው ያንን ብቻ ነው። ሕዝቡ እጁን የጨበጠው መርዙን ስላስወገደላቸው መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን ያስወገደላቸው ማስጠንቀቂያውን ነው። እህቱ ደግሞ ሽታውን እንኳ ልትጠረጥረው አትችልም። ዕድሜዋን በሙሉ ንጽሕና የምትለው ሽታ ነዋ።

ማታ ለባለቤቱ ነገራት። በነገር ፈጣን፣ በልብ ደግሞ ርኅሩኅ ሴት ናት፤ እስኪጨርስ ሳታቋርጠው አዳመጠች።

«ጥሩ ቀን መረጥክ» አለች በመጨረሻ። «ነገ ያ ልጅ አለቃውን ይዞ ሊመጣ ነው። ወንዙን እንደ ሙሽራ ሊያሳየው!»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው በረኪናውን ተወዋ።»

«ብተወውስ? ገንዳው አፉ ድረስ ሞልቷል። ደመናውን አላየሽውም? ነገ ከዘነበ ራሱ ሞልቶ ይፈሳል፤ ማን ይይዘዋል?»

«ለሚጣ ንገራት፣ እጇን ትሰብስብ።»

«ሚጣ ብቻ ናት የምትቀዳው? የሰፈሩን በር ሁሉ ላንኳኳ? ባንኳኳስ፣ ‹ይህ ጥርት ያለ ውሃ ያቃጥላችኋል› ብላቸው ማን ያምነኛል? ሰው የሚያምነው ዓይኑን ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ንጹሕ ነው ይለዋል። እኔ ነኝ እንዲህ ብሎ እንዲያይ ያደረግሁት።»

ባለቤቱ በእርጋታ፣ «ቀለሙ ከተመለሰ ቤቱን እንደሚያሽጉብህ ታውቃለህ አይደል? ስምህም አብሮ ነው የሚታሸገው» አለችው።

«አውቃለሁ። ስሙንስ ቢሆን ሙሉ ስድስት ወር እንኳ በወጉ አልለበስኩትም» አለ፤ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

ዝናቡ የጀመረው ጠዋት፣ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ነው። ነካሪው ሠራተኞቹን ሥራ አስቆመና የውሃ መክፈቻዎቹን ሁሉ ዘጋ። ገንዳው ጋ ሲደርስ ውሃው የገንዳውን ከንፈር ነክቶ ወደ ቦዩ መንጠባጠብ ጀምሯል። ባለቤቱ ከኋላው የቀይ ቀለሙን ቆርቆሮ ይዛ መጣች፤ ክዳኑን የከፈተችውም እሷ ናት።

የመጀመሪያውን ጭልፋ በተነው። ቀዩ ዱቄት ውሃው ላይ እንደ አበባ ተዘረጋ፣ ወዲያው ገረጣ፣ ጠፋም። በረኪናው በላው።

«ርቦታል» አለች ባለቤቱ።

ሁለተኛውን በተነ። ይኸኛው ትንሽ ቆየ፣ ሮዝ ሆነ፣ እሱም ጠፋ። ነካሪው በቀለም ቀልዶ አያውቅም፤ ለአንድ ጥቅል ክር የሚበቃውን በሚዛን እየለካ የኖረ ሰው አሁን ቆርቆሮውን በሁለት እጁ አንሥቶ ግማሹን ገለበጠው። ውሃው ታገለ፣ ጎሸ፣ ገረጣ፤ በመጨረሻ ግን ጠገበ። ቀዩ ያዘ። ገንዳው ሞልቶ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩም ወደ ወንዙ ሲፈስ ደም የመሰለ ቀይ ነበር። የሚያፈሰው ቀለምም ጸበል እንዳልሆነ ነካሪው ያውቃል። ቢያንስ ግን ማንነቱን እየተናገረ የሚሄድ ነገር ነው።

ከድልድዩ በታች ጩኸት ተነሣ። «ወንዙ ለበሰ! ኧረ ወንዙ ለበሰ!» እናቶች ልጆቻቸውን በክንዳቸው እየጎተቱ አወጡ። አንዱ «ጋሽ ቀስተ ደመና ለየለት!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ራሱን ያዘ። አጣቢዋም እንደ ድሮዋ፣ ለምን ብላ ሳትጠይቅ፣ ዘፍዝፋው የነበረውን አንሶላ ከውሃው ሳብ ሳብ አድርጋ አወጣችና ደጃፏ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ተቆጣጣሪውና አለቃው ድልድዩ ላይ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆነው የደረሱት በዚሁ ሰዓት ነበር። ነካሪው ወደ ድልድዩ ሲወርድ ወጣቱ ፊቱ ከወንዙ እኩል ቀልቶ ጠበቀው።

«አባቴ፣ ምን አደረጉ? ዛሬ? ከቀን ሁሉ ዛሬ?»

ነካሪው ዝናብ እየወረደበት፣ እጁ እስከ ክርኑ ቀልቶ፣ ከኪሱ ነጩን ብጣሽ ክር አውጥቶ ሰጠው። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው፤ ገንዳውን፣ በረኪናውን፣ ድንጋዮቹን፣ የእህቱን እጅ። አልተማጸነም፣ ምክንያትም አልደረደረም። አለቃው ሰዓቱን እያየ፣ «እኛ የመጣነው ንጹሕ ወንዝ ለማየት ነው» አለ።

ወጣቱ ነካሪውን አስከትሎ ወደ ማጠቢያ ቤቱ ወረደ። አጣቢዋ መጀመሪያ አንጓዋን ዘረጋችለት፤ ከዚያ የወንድሟን ዓይን አየችና መዳፏን ገለበጠች። ወጣቱ ለረጅም ጊዜ አየው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለ በለሆሳስ። «ሰዎቹ ቀለሙ ነው ያስቸገረን አሉ፣ እኔም ቀለሙን ብቻ ፈተሽኩ። ውሃው ውስጥ ያለውን ሁሉ መመርመሪያ መንገድ ነበረን፤ ስለጠራ ብቻ በቃኝ አልኩ።» ከዚያ ጠርሙሱን ከወንዙ ሞላ፣ ከጓሮዋም አፈር ወሰደ። «ይህ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል። እስከዚያ ማንም ከዚህ አይቅዳ። እናቴ፣ እርስዎም ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ቤቱን ደግሞ... ማሸጌ አይቀርም፣ አባቴ።»

«አሽገው» አለ ነካሪው። «ውሃውን የት ላድርገው የሚለውን ግን ነግረኸኝ ሂድ።»

ቤቱ ታሸገ። እጁን ጨብጠውት የነበሩት ሽማግሌዎች ለሰላምታ ያህል ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ያልፉት ጀመር፤ የፎቆቹም ወንበሮች ከበረንዳ ገቡ። የክር ደንበኞቹ ወደ ሌላ ነካሪ ሄዱ፤ ከፊሎቹም በዚያው ቀሩ። እሱ ግን ካኪ ሱሪውን ለብሶ ከሠራተኞቹ ጋር ጉድጓድ ቆፈረ። ወጣቱ በየጊዜው እየመጣ የዕቅዱን ሥዕል መሬት ላይ በእንጨት ይሥልለታል፤ ውሃው የሚያርፍበት ጉድጓድ፣ ኖራ የሚነሰነስበት፣ በአሸዋና በከሰል የሚጠራበት። ታች የሚቀረው ዝቃጭ ወደ ወንዝ ዳር እንደማይጣል፣ በተዘጋጀለት ስፍራ እንደሚቀበር አስረዳው። ነካሪውም ከቀለሞቹ መካከል ክፉዎቹን መርጦ ተወ። ደማቁ ሰማያዊ፣ የቤቱ ዝና የነበረው፣ አብሮ ቀረ። እሱን ሲተው ሆዱ ባባ፤ ግን ተወው።

ጊዜ ወስዶ ተጠናቀቀ። የአዲሱ ውሃ የምርመራ ውጤት መጥቶ ማኅተሙ የተነሣ ዕለት፣ ከመጨረሻው ጉድጓድ የወጣው ውሃ እንደ ቀጭን ሻይ ደብዛዛ ነበር፤ ቀይም አይደል፣ ጥርትም ያለ አይደል። ተቆጣጣሪው ወረቀቱ ላይ ያለው ደህና እንደሆነ ነገራቸው።

እህትየው እጇ በቅባትና በስስ ፋሻ እንደተጠቀለለ ሽቅብ ወጥታ ነበር። ነካሪው ከልማዱ መዳፉን ከውሃው ሥር ሊዘረጋ ጎንበስ አለ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ እጁንም መለሰ። በምትኩ ባልዲ አንሥቶ ሞላና፣ ከማቅለሚያ ቤቱ ግድግዳ ሥር በራሱ እጅ ወዳዘጋጃት አዲስ መደብ ወሰደው። የጎመን ችግኞች ተተክለውባታል። ሥር ሥራቸውን ቀስ እያለ አጠጣቸው።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እህቱ።

«ከእንግዲህ የኔ ውሃ መጀመሪያ የኔን ጎመን ነው የሚያገኘው። ጎመኑ ካልተቀየመ ወደ አንቺ ይወርዳል።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ዕረፍት ፈቅጄልሻለሁ።»

ሳቀች፤ ረጅም ሳቅ ነበር። ከዚያ ልትሄድ ስትል ዞረችና የእጇን አንጓ ዘረጋችለት። እሱም አንጓዋን ጨብጦ ሸኛት። ለመዳፏ አልቸኮለም። ወደ መደቡ ተመልሶ ባልዲውን ገለበጠና ተቀመጠበት፤ የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ጠርዝ ዝቅ ብሎ ማየት ጀመረ።